ውሃ አታብዢበት፦ በዑለያ በረንዳ ላይ ስለሚኖሩ ተክሎች

(በማኅበራችን የዓርብ ስብሰባ ላይ አንዲት አባላችን ያደረገችው ንግግር ነው። በዕለቱ ከቤት መውጣት ያልቻላችሁ እንድታነቡት እሷው ራሷ ጽፋ ሰጥታናለች።)

ዛሬ ተራው የኔ ሆነና ቆምኩ። እስከ ዛሬ በዚህ ቦታ ስለ ኢቃማ ተነጋግረናል፤ ስለ ደሞዝ፣ ስለ ሐዋላ፣ ስለ ሕክምና ተነጋግረናል። እኔ ደግሞ ስለ ተክል ላወራችሁ ነው። «ማታ ስንተኛ እግራችን የኛ የማይመስለን ሰዎች፣ የተክል ወሬ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ አላችሁ፤ ከፊታችሁ ላይ አነበዋለሁ። እኔም እንደዚያው እል ነበር። እስቲ ትንሽ ታገሡኝና ከዚያ በኋላ ፍረዱ።

የማወራው ጠዋትና ማታ ውሃ ስለሚለምን አበባ አይደለም። ቅጠላቸው ወፍራም ስለሆነ፣ ውሃ በውስጣቸው ቋጥረው ስለሚቆዩ ተክሎች ነው። አገር ቤት እሬት፣ እንዳሁላ፣ ቅንጭብ፣ ቁልቋል የምንላቸውን አስቡ። እዚህ መሽተል ስትሄዱ ደግሞ በትንንሽ ዕቃ ተደርድረው ካላንቾ፣ ሲደም እየተባሉ የሚሸጡ አሉ። ሲደም ነው ያልኩት እንጂ ሰዶም አላልኩም፤ ከኋላ የሳቃችሁትን ሰምቻችኋለሁ።

የኒዶ ጣሳው

ዑለያ የገባሁት ሐምሌ ላይ ነው። ቤቱ አራተኛ ፎቅ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ከቤት የምወጣበት ቀን አልነበረኝም። ውጭ የምለው በረንዳውን፣ እነሱ በለኮና የሚሉትን ነበር። ልብስ ላሰጣ ስወጣ የመምለካው ፎቅ ይታየኛል፤ ያ 302 ሜትር የሚረዝመው፣ አናቱ ላይ ቀዳዳ ያለው፣ ማታ ማታ መብራቱ ቀለም የሚለዋውጠው። እሱን እያየሁ ስንቱን አሰብኩ፤ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ከሳሙናና ከክሎሩ ዕቃ ጀርባ አንድ የኒዶ ጣሳ ነበረ። ውስጡ እሬት ተተክሏል። ቅጠሉ ተጨማዶ፣ ጫፉ ደርቆ፣ ቀለሙ እንደ ዝገት ሆኗል። ማን እንደተከለው ማዳምን ጠየቅኋት። «ከአንቺ በፊት የነበረችው ልጅ» አለችኝ። ሄዳለች። ስሟን እንኳ አልነገረችኝም፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም። ለስንት ወር ውሃ ያፈሰሰለት እንደሌለ ከአፈሩ ታየኝ፤ እንደ ሲሚንቶ ደርቋል።

አዘንኩለት። እኔ ያዘንኩት ለእሬቱ ይሁን ለልጅቱ ይሁን ለራሴ፣ አላውቅም። ጠዋት አንድ ኩባያ፣ ማታ አንድ ኩባያ ውሃ አጠጣው ጀመር። በሦስተኛው ሳምንት ቅጠሉ ለሰለሰ፤ ውስጡ እንደ መስተዋት የሚያሳይ ሆነ። ሳብ ባደርገው ተመዝዞ እጄ ላይ ቀረ። ሥሩ ጠቁሮ ይሸታል። ወራት ሙሉ ጥም ያልገደለውን ተክል እኔ በሦስት ሳምንት ውሃ ገደልኩት። ሲበዛ ማርም ይመራል ይባል የለ?

ልጥለው ስል ከግንዱ ሥር ጣቴን የምታህል አንዲት ቡቃያ አየሁ። ገንጥዬ ሴራሚኩ ላይ አስቀመጥኳትና ሥራ በዛብኝ፤ ረሳኋት። በአምስተኛው ቀን ሳያት አለች። ቁስሏ ደርቆ ቆዳ አውጥቷል። የጣሳውን ቂጥ በቢላ በስቼ፣ አሸዋ በዛ አድርጌ ተከልኳት። ሳምንት ውሃ አልሰጠኋትም፤ አሁን ፈርቼ ነው። ያች ቡቃያ በቀለች። የሷ ልጆችና የልጅ ልጆች ዛሬ እዚህ ከተቀመጣችሁት ውስጥ በአሥራ አንድ ሰው ቤት አሉ። አሁን የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያች ጣሳ የጀመረ ነው።

ሌሊት የሚሠሩ ተክሎች

መጀመሪያ ጠባያቸውን እንወቅ። አብዛኛው ተክል በቅጠሉ ላይ ያሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ቀን ከፍቶ አየር ይስባል። ሲከፍት ግን ውሃውም በትነት ይወጣበታል። በሪያድ ፀሐይ ይሄ ኪሳራ ነው። እነዚህ ወፍራም ቅጠል ያላቸው ብዙዎቹ ዘዴ አላቸው፦ ቀን ይዘጋሉ፣ ሌሊት ይከፍታሉ። ሌሊት የሳቡትን ካርቦን ዳይኦክሳይድ በአሲድ መልክ ያጠራቅሙና፣ ሲነጋ በራቸውን ዘግተው በፀሐይ ብርሃን ምግብ ያደርጉታል። እኛስ ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ አይደል ወደ አገር ቤት የምንደውለው?

ይህን ጠባይ ካስተዋሉት ቀደምት ሰዎች አንዱ ቤንጃሚን ሄይነ የሚባል በህንድ ይኖር የነበረ ሐኪም ነው። የካላንቾ ዘመድ የሆነ ተክል ቅጠል ጠዋት ሲያኝከው ይጎመዝዛል፤ ከሰዓት በኋላ ሲያኝከው ጉምዛዜው ጠፍቷል። ይህን የጻፈው ከ200 ዓመት በፊት ነው። እናንተ ግን እንዳትሞክሩት፤ ካላንቾ ልብን የሚጎዳ መርዝ አለው። ወደዚህ እመለስበታለሁ።

የኛው እንዳሁላ ካላንቾ ነው። በሲደም ቤተሰብ ውስጥም ይቆጠራል፤ የአጎትና የአክስት ልጅ እንደማለት ነው። አገር ቤት ለስብራትና ለእብጠት ሲያስሩበት አይተን ይሆናል። ሲደምም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ በባሌ ተራሮች ዐለት ላይ የሚበቅሉ ትንንሽ የሲደም ዓይነቶች አሉ። እሬትማ የኛ ነው ማለት ይቻላል። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ40 በላይ የእሬት ዓይነቶች አሉ። ፕሮፌሰር ሰብስቤ ደምሰው የተባሉ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ሊቅ ከኖርዌይ ባልደረባቸው ጋር ስለነዚሁ እሬቶች መጽሐፍ ጽፈዋል። ከደብረ ብርሃን ስሙን የወሰደ እሬትም አለ።

በሌላ በኩል፣ በየበቃላው ጄሉ የሚሸጠው አሎ ቬራ መነሻው ይሄው የዓረብ ምድር ነው። ዓረቦች እሬትንና ትዕግሥትን የሚጠሩት በአንድ ዓይነት ፊደል ነው፤ ሰብር። እኛ ወሎዬዎች «ሰብር አድርጊ» ስንባል አድገናል። በወሎ በኩል መቃብር ላይ እሬት ተተክሎ ያያችሁም ትኖራላችሁ። ውሃ የሚያጠጣው ሰው ሳይኖር ስለሚቆይ ነው ይሉ ነበር ትልልቆቹ።

ሲደም ለምን ሐምሌ ላይ ሞተብኝ?

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በሁለተኛው ዓመት ደሞዜ ትንሽ ሲስተካከል ከአንድ መሽተል ሲደም ገዛሁ፤ 35 ሪያል። ቅጠሎቹ እንደ ሽምብራ ክብ ክብ ያሉ፣ ጫፋቸው ቀላ ያለ። ሻጩ «ይሄ ጠንካራ ነው፣ አይሞትም» አለኝ። ከጥር እስከ ሚያዝያ እንዴት እንዳማረበት! ሐምሌ ላይ በአሥር ቀን ውስጥ እንደ ተቀቀለ ጎመን ሆነ።

ሻጩ አልዋሸኝም፤ «ጠንካራ» የሚለው ቃል ነው ያሳሳተኝ። ሲደም ጠንካራ የተባለው በብዛት አውሮፓ ውስጥ ነው። እዚያ ጠንካራ ማለት በረዶ የሚችል ማለት ነው። በጀርመን አገር የሕንጻ ጣሪያ ላይ ያለብሱታል፤ በቀጭን አፈር ላይ፣ በረዶ ወርዶበት፣ ማንም ሳያጠጣው ይኖራል። የሪያድ ፈተና ግን ሌላ ነው። በሐምሌ ቀኑ 43 እና 44 ዲግሪ ይገባል፤ ከዚያም ያልፋል። ሌሊቱም 29 ገደማ ነው። ሌሊት የሚሠራ ተክል ሌሊቱ ካልቀዘቀዘለት ምን ያድርግ? ያጠራቀመውን ይበላል እንጂ አይጨምርም። በዚህ ላይ ሥሩ እርጥብና ሙቅ አፈር ውስጥ ከሆነ ይበሰብሳል።

ስለዚህ ሲደምን ከወደዳችሁ የበጋ ልብስ አትቁጠሩት፤ የክረምት እንግዳ አድርጉት። እዚህ ክረምት የምለው የሪያድን ብርድ ነው፤ ከኅዳር እስከ መጋቢት። ጥር ላይ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች ሲወርድ እሱ ደስ ይለዋል። ሙቀቱ ሲመጣ ወደ ጥላ አስገቡት፤ ከተቻለም ሙከይፍ ባለበት ክፍል፣ መስኮት አጠገብ። ውሃውን ቀንሱለት። ከሞተም፣ ከሚያዝያ በፊት አምስት ስድስት ቅጠል ለቅማችሁ ቤት ውስጥ ደረቅ አፈር ላይ ካስቀመጣችሁ ዘሩ አይጠፋም።

ለዑለያ በረንዳ የሚሆኑ

ዘጠኝ ዓመት ሞክሬ፣ ገድዬም፣ ያተረፍኳቸው እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ እሬት። ጠዋት ፀሐይ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ ካገኘ ማንንም አያስቸግርም። በበጋ ቀላ ካለ አትደንግጡ፤ ፀሐዩን እየተከላከለ ነው። ጥላ ሲያገኝ ይመለሳል።

ሁለተኛ፣ ሳንሴቬሪያ። ቅጠሉ እንደ ጎራዴ ቀጥ ብሎ የሚቆም፣ ዝንጉርጉር የሆነው። የቃጫ ዘመድ ነው ብትሉ ታውቁታላችሁ። ጥላ ይችላል፤ ወር ብትረሱትም ይጠብቃችኋል። የሠራተኛ ክፍላችሁ መስኮቷ ትንሽ ከሆነች ከዚህ ጀምሩ።

ሦስተኛ፣ ፖርቱላካ። ይሄ መሬት ለመሬት የሚሄድ፣ አበባው ፀሐይ ሲወጣ የሚፈነዳ ነው። ዓረቦቹ ሪጅላ ብለው እንደ ጎመን የሚበሉት ተክል የሱ ዘመድ ነው። ከሁሉም ይልቅ ሙቀት የሚወድ እሱ ነው። ውሃ ግን ከሌሎቹ በዛ ያለ ይፈልጋል።

አራተኛ፣ አዴኒየም፣ የበረሃ ጽጌረዳ የሚሉት። ግንዱ እንደ ጠርሙስ ሆዱ የተነፋ ነው። በቦረና ቆላም ይበቅላል፣ በጂዛን ተራሮችም ይበቅላል፤ ባሕሩን ተሻግሮ ከኛ በፊት የመጣ ነው ብዬ እቀልድበታለሁ። ሙሉ ፀሐይ ይችላል። ደሙ ግን መርዝ ነው፤ ከቆረጣችሁት እጃችሁን ታጠቡ።

አምስተኛ፣ ካላንቾ፤ ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ በረንዳ ላይ፣ በጋ ላይ እንደ ሲደም ጥላ ውስጥ።

ውሃ፣ አፈር፣ ቦታ

ሪያድ ላይ ዓመቱን ሙሉ የሚዘንበው ዝናብ 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ከቧንቧ የምንቀዳው ውሃ አብዛኛው ከባሕር ጨው ተጣርቶ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር በቧንቧ ተገፍቶ የመጣ ነው። ከተማው ራሱ እ.ኤ.አ. በ2019 «አረንጓዴ ሪያድ» ብሎ 7.5 ሚሊዮን ዛፍ ለመትከል ሲነሣ፣ የታከመ የፍሳሽ ውሃ ለማጠጣት ነው ያቀደው። በሰው ቤት ያለን ሰዎች ደግሞ የውሃ ነገር ቃል ሊያመጣብን ይችላል። ስለዚህ የሚከተለውን ያዙልኝ።

የሙከይፉን ውሃ ተጠቀሙ። ከስፕሊቱ ቱቦ ጠብ ጠብ የሚለው ውሃ ጨው የለበትም፤ ለተክል ከቧንቧው ይሻላል። ሥሩ ባልዲ አስቀምጡ። ለመጠጥ ግን አይሆንም፤ ለልጅም ለድመትም አትስጡ። ባልዲውን ክዳን አድርጉለት፣ ትንኝ ይፈላበታል።

የቧንቧ ውሃ ከሆነ በበጋ በቀጥታ አታጠጡ። ኸዛኑ ሰጥሑ ላይ ፀሐይ ሲመታው ስለሚውል «ቀዝቃዛው» ቧንቧ እጅ ያቃጥላል፤ ታውቁታላችሁ። ማታ ቀድታችሁ አሳድሩት፣ ጎሕ ሲቀድ አጠጡ።

መቼ ላጠጣ? ቀን አትቁጠሩ፤ አፈሩን ጠይቁ። የሺሽ ታዉቅ እንጨት እስከ ታች ስደዱና አውጡት። እርጥበት ይዞ ከወጣ ተዉት። ደርቆ ከወጣ፣ ከታች እስኪወጣ አጠጡና ተዉት። በየቀኑ ጠብታ ጠብታ መስጠት ነው የሚገድለው። ቅጠሉ ተጨማዶ ጠንካራ ከሆነ ጠምቶታል፤ ለስልሶና ብርሃን የሚያሳይ ከሆነ ጠግቦ እየሰጠመ ነው። ይሄን አንድ ነገር ከያዛችሁልኝ ሌላውን ብትረሱት አይከፋኝም።

አፈሩ፦ አንድ እጅ ከመሽተል የሚገዛ ቢትሞስ ወይም ያዘጋጁት አፈር፣ ሁለት እጅ ሻካራ አሸዋ ወይም ጠጠር። የግንባታ አሸዋ ካመጣችሁ ሦስት ጊዜ እጠቡት፤ ጨውና ሲሚንቶ ይኖርበታል። ዕቃው ከታች መበሳት አለበት። ያልተበሳ ዕቃ ለነዚህ ተክሎች መቃብር ነው። የሸክላ ዕቃ ከተገኘ ጥሩ፤ ጣሳ ከሆነ በፀሐይ ስለሚግል ነጭ ጨርቅ ጠቅልሉት፣ ወይም ሰፋ ያለ ሌላ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት።

ቦታው፦ ወደ ምሥራቅ የሚያይ በረንዳ ያላት ታድላለች። ወደ ምዕራብ ከሆነ ከሰዓት በኋላ ያለው ፀሐይ ይጠብሳል፤ የአሮጌ አንሶላ ጥላ አብጁ። ለሰውም ቢሆን ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15፣ ከቀኑ 6 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ድረስ ፀሐይ ላይ ማሠራት በዚህ አገር ሕግ የተከለከለ ነው። ያ ሰዓት ለተክልም ጥላ ነው። የሙከይፉ የውጭ ሞተር በሚተነፍስበት በኩል ግን ምንም አታስቀምጡ፤ የሚያወጣው እሳት ነው። የአቧራ ነፋስ ካለፈ በኋላ ቅጠሉን በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉ፤ አቧራ ብርሃን ይከለክለዋል። በቅጠሎቹ መጋጠሚያ ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ካያችሁ ተባይ ነው፤ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ጥረጉት።

ከሁሉም በፊት ጥንቃቄ

አሁን የምናገረውን በቀልድ አትውሰዱብኝ።

በረንዳ ላይ ወንበር አትውጡ። ከሐዲዱ ውጭ ዕቃ አታንጠልጥሉ። ጎንበስ ብላችሁ ከውጭ በኩል ያለ ተክል አታጠጡ። ከፎቅ የወደቁ እህቶች ዜና ለኛ አዲስ አይደለም። ለተክል ብሎ አንድም ሰው እንዳይጎዳ። ተክሉ ወለል ላይ፣ ግድግዳ ጥግ ይቀመጥ። እርጥብ አፈር ከባድ ነው፤ አንድ የወደቀ ዕቃም ከታች ያለፈውን ሰው ይገድላል።

ሳትጠይቁ አታስቀምጡ። «ማዳም፣ አንዲት ትንሽ ተክል እዚህ ጥግ ባስቀምጥ?» በሉ። እምቢ ካለች ክፍላችሁ ውስጥ ሳንሴቬሪያ ይበቃል። ውሃው ወደ ታችኛው ፎቅ እንዳይፈስ ከሥር ሰሐን አድርጉ፤ የተጠራቀመውን ድፉት።

በቤቱ ሕፃን ካለ ቅንጭብን ከናካቴው አታምጡ። ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ከባድ ጉዳት ያደርሳል፤ ቁልቋልም እንደዚሁ። ካላንቾና አዴኒየም ልጅ አፍ እንዳይደርሱ። በሰው ልጅ ላይ የሚደርስ ነገር እኛን የት እንደሚያደርሰን አትጠይቁኝ።

እሬት መድኃኒት ነው ብላችሁ አትጠጡት። እናቶቻችን ጡት ሲያስጥሉን የቀቡት ያ ቢጫ መራራ ፈሳሽ ሆድ ይበጠብጣል፤ በተለይ እርጉዝ ሴት እንዳትነካው። ዘይት ካቃጠላችሁ መጀመሪያ የምትሮጡት ወደ እሬቱ አይደለም፤ ወደ ውሃ ነው። ለ20 ደቂቃ ቀዝቀዝ ያለ ውሃ አፍስሱበት። በበጋ ቧንቧው ስለሚግል ከመጠጥ ውሃው ተጠቀሙ። በረዶ አታድርጉ። ውሃ ከቋጠረ ወይም ሰፊ ከሆነ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ካልወሰዷችሁ ለማኅበሩ ደውሉ።

ደግሞ አገር ቤት ደርሳችሁ ስትመለሱ እሬት በሻንጣ ይዛችሁ እንዳትመጡ፤ ከዚህም ይዛችሁ እንዳትሄዱ። ተክል ድንበር ለመሻገር የጤና ምስክር ወረቀት ይፈልጋል። ከአሎ ቬራ በቀር እሬቶች በሙሉ ሳይቴስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ጥበቃ ሥር ናቸው፤ ኢትዮጵያም ሳዑዲም ፈራሚ ናቸው። ለአንድ ቡቃያ ብላችሁ ኤርፖርት ላይ ጣጣ አትግዙ። እዚህ እርስ በርሳችን አለን።

ሲሄዱ የሚቀር

ወደ መጨረሻው ልምጣ። ከኔ በፊት የነበረችው ልጅ ለምን እንደሄደች እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ኮንትራቷ አልቆ ይሆናል። ሌላም ሊሆን ይችላል። በ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወር የሆነውን የቆያችሁት ታስታውሳላችሁ፤ በጥቂት ወራት ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከዚህ አገር ተመልሰዋል። ስንቱ ሰው ምድጃ ላይ የጣደውን እንኳ ሳያወርድ ነው የሄደው። የኛ ኑሮ እንደዚህ ነው፤ ነገ የት እንደምናድር በእርግጠኝነት አንናገርም። «ታዲያ ለሦስት ወር ለማላውቀው ነገር ምን ልትከል?» ያለችኝ አንዲት እህት አለች። እውነቷን ነው። ትልቅ ነገር መትከል አንችልም። ግን ለዚህ ኑሮ የሚሆነው ይሄ ተክል ነው፦ ብትሄጂ ይጠብቃል፣ ባይጠብቅም ልጁን ይተዋል፣ ልጁንም በእጅ መዳፍ ይዞ መውጣት ይቻላል።

ስለዚህ ለማኅበሩ አንድ ሐሳብ አለኝ። ገንዘብ አይጠይቅም። ስብሰባ በምናደርግበት ቤት በር አጠገብ አንድ መደርደሪያ ይኑረን። ጥቅምትና ኅዳር፣ ከዚያም የካቲት፣ ቡቃያ የሚገነጠልባቸው ወራት ናቸው። ያላት አንድ ታምጣ፤ የሌላት አንድ ትውሰድ። እንደ ዕቁብ በሉት፤ ዕጣ ብቻ የለውም። አዲስ የመጣች ልጅ ከኛ ጋር በተዋወቀችበት ቀን አንድ ይሰጣት። ቡቃያውን የሰጠችው ደግሞ ስልኳን ትሰጣት። በሳምንት አንድ ቀን «ተክልሽ እንዴት ሆነች?» ብላ ትደውልላት።

ይሄ ጥያቄ ቀላል ይመስላል። ማዳም አጠገቧ ብትቆም እንኳ ልጅቱ ልትመልሰው የምትችለው ጥያቄ ነው። «ደህና ናት» ካለች፣ ደህና። «ደርቃለች» ካለች፣ ስለ ተክሉም ይሁን ስለ ሌላ፣ መስማት ያለብን ነገር አለ ማለት ነው። ሁለት ዓርብ ስልኳ ካልተነሣ ለጸሐፊያችን እንናገራለን። እኔ በመጀመሪያው ዓመት በዚያ በረንዳ ላይ ሳለሁ በሳምንት አንዴ እንደዚህ የሚጠይቀኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ብዙ ነገር ይቀልልኝ ነበር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያሉት ለዚህ ነው።

ያን ቤት ከሦስት ዓመት በፊት ለቅቄያለሁ፤ በሰላም ነው የለቀቅሁት። ከመውጣቴ በፊት የኒዶ ጣሳውን በጥላው በኩል፣ ከክሎሩ ራቅ አድርጌ አስቀመጥኩት። ቡቃያ ተክዬበት፣ ወረቀት በፕላስቲክ ጠቅልዬ አፈሩ ውስጥ ሰካሁ። ቀጥሎ የምትመጣው ሐበሻ ትሁን፣ ፊሊፒን ትሁን፣ ዑጋንዳ ትሁን አላወቅሁም፤ ስለዚህ በአማርኛም፣ በተማርኳት ዓረብኛም ጻፍኩት፦ «ውሃ አታብዢበት። ከሥሩ ልጅ አለው። ስትሄጂ አንዱን ይዘሽ፣ አንዱን ተዪ።» ከሥሩም ስሜን ጻፍኩበት።

እናንተም ስማችሁን ጻፉ። ዛሬ ስድስት ቡቃያ ይዤ መጥቻለሁ፤ በሩ አጠገብ በካርቶን ውስጥ ናቸው። ቁስላቸው ደርቋል፣ ለመተከል ደርሰዋል። አዲስ የመጣችሁ ቅድሚያ ውሰዱ። የደረሳችሁ ደግሞ በበጥሓ ሜትሮ ስትወርዱ ጭን ላይ ያዙት፤ ቦርሳ ውስጥ ከገባ ይሰበራል።

የሚቀጥለው ዓርብ ስትመጡ መጀመሪያ የምጠይቃችሁን ታውቁታላችሁ።